አረብ ብረትና አሉሚኒየም፤ የብስክሌት ፍሬም ታሪክ ከካርቱም መንገድ አንጻር

ብስክሌት ከአረብ ብረት ቢሠራ ይሻላል ወይስ ከአሉሚኒየም? ይህ ጥያቄ በተማሪዎች መካከል ሲነሣ ክርክሩ ቶሎ አያልቅም። አንዱ ወገን «አዲሱና ቀላሉ ይበልጣል» ሲል ሌላው «እንደ ዱሮ ብረት የሚሆን የለም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ስለ ማዕድኑ ብቻ ነው። ብስክሌቱ የሚሄድበትን መንገድ፣ የሚሸከመውን ጭነትና በተሰበረ ጊዜ የሚጠግነውን እጅ ግን አያነሡም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱን ማዕድናት ታሪክ ተከትሎ የብስክሌት ምቾትና ጽናት ከምን እንደሚመጡ መመርመር ነው። ፍሬም የምንለው መሪውን፣ መቀመጫውን፣ ፔዳሉንና ሁለቱን ቸርኬዎች አያይዞ የሚይዘውን የቱቦ አጽም ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለምርመራው የጎረቤታችን የሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም ተመርጣለች። ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ሥፍራ ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ሰሜን ካርቱም የተባሉት ሦስት ከተሞች በወንዝ ተለያይተው በድልድይ ተያይዘው ይገኛሉ። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጥቂቱ ዝናብ የሚጥለው በአብዛኛው ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ሜዳ፣ ደረቅ አየርና አቧራ በአንድነት ስለሚገኙባት ካርቱም የብስክሌት ፍሬምን ባሕርይ ለመፈተን የምትመች ከተማ ናት።

ብረት በዓባይ ዳር

ሱዳን ከብረት ጋር ያላት ትውውቅ እጅግ የቆየ ነው። ከካርቱም በስተሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የጥንቱ የሜሮዌ ከተማ ፍርስራሽ ይገኛል። በከተማው ዙሪያ እንደ ኮረብታ የተከመረው ጥቁር ቁልል የብረት ማዕድን ሲቀልጥ የተረፈው ቅሬት ነው። የቁልሉ ብዛት ያስገረመው እንግሊዛዊው ሊቅ አርኪባልድ ሴይስ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሜሮዌን ከእንግሊዝ የብረት ከተማ ከበርሚንግሃም ጋር አመሳስሏታል። ቁፋሮዎች እንዳረጋገጡት በዚያ ብረት የማቅለጥ ሥራ ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቷል።

ዘመናዊው አረብ ብረት ወደ ካርቱም የገባው ግን በጦርነት መንገድ ነው። የጄኔራል ኪችነር ሠራዊት በ1897 ከዋዲ ሃልፋ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ መዘርጋት የጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1899 መጨረሻ ከካርቱም ፊት ለፊት ካለው የጥቁር ዓባይ ዳርቻ ደረሰ። በዚያው ዓመት በአትባራ ወንዝ ላይ የተተከለው ድልድይ በአሜሪካ ፋብሪካ ተሠርቶ፣ ክፍል በክፍል ተጭኖ የመጣ አረብ ብረት ነበር። በ1906 የባቡሩ መስመር ከቀይ ባሕር ጋር ተገናኘ። በጥቁር ዓባይ ላይ የተሠራው የካርቱም ድልድይ በ1909 አለቀ፤ ካርቱምን ከኦምዱርማን የሚያገናኘው የነጭ ዓባይ ድልድይ ደግሞ በ1920ዎቹ ተሠራ።

እነዚህ ሥራዎች ከብስክሌት ታሪክ ጋር በሁለት በኩል ይገናኛሉ። አንደኛ፣ ከውጭ አገር በመርከብ የሚመጣው ብስክሌት ከወደብ እስከ ካርቱም የሚጓጓዘው በባቡሩ ነበር። ሁለተኛ፣ የባቡሩና የድልድዩ ሥራ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ የሚሞርዱና የሚበይዱ ሠራተኞችን አሰለጠነ። የባቡሩ ዋና ጋራዥ የነበረባት አትባራ በሱዳን የእጅ ሙያተኞች ከተማ ለመባል የበቃችው በዚህ ምክንያት ነው። የጠጋኙን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የአረብ ብረት ፍሬም እንዴት ተወለደ?

ጀርመናዊው ካርል ፎን ድራይስ በ1817 በማንሃይም ከተማ ያሳየው ባለ ሁለት እግር መኪና ከእንጨት የተሠራና ፔዳል የሌለው ነበር። በ1860ዎቹ በፓሪስ ፔዳል ተጨመረለት፤ አካሉም በብረት ተተካ። ነገር ግን ብረቱ ድፍንና ከባድ፣ ጎማውም በብረት የተለበጠ እንጨት ስለነበረ እንግሊዞች «አጥንት ነቅናቂ» የሚል ቅጽል አወጡለት። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ በኮቨንትሪ ከተማ ሮቨር የተባለውን፣ ሁለት እኩል ሊባሉ የሚችሉ እግሮች ያሉትንና የኋላው እግር በሰንሰለት የሚዞረውን ብስክሌት ሠራ። በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት ከተማ በአየር የሚሞላ ጎማ አወጣ። በ1890 አካባቢ ደግሞ ዛሬ የምናውቀው፣ በሁለት ሦስት ማዕዘኖች የተዋቀረው ፍሬም ቅርጹን ያዘ።

ይህን ፍሬም የሚቻል ያደረገው ስፌት የሌለው የአረብ ብረት ቱቦ ነው። ቱቦው እንደ እጅጌ ባለ መጋጠሚያ ውስጥ ይገባና የቀለጠ ናስ በመካከሉ ይፈስለታል። ናሱ የሚቀልጠው በ900 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን አረብ ብረቱ የሚቀልጠው በ1500 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቱቦው ሳይነካ መጋጠሚያው ይያዛል። በ1897 አልፍሬድ ሬይኖልድስ በበርሚንግሃም ጫፍና ጫፉ ወፍራም፣ መሐሉ ግን ቀጭን የሆነ ቱቦ የመሥራት ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። በ1935 ድርጅቱ ከማንጋኒዝና ከሞሊብዲነም ጋር የተቀየጠውን «531» የተባለ አረብ ብረት ለገበያ አቀረበ።

እንግሊዝ ሱዳንን በምታስተዳድርበት ዘመን፣ ማለትም ከ1899 እስከ 1956 ድረስ፣ ወደ ካርቱም የሚመጣው ብስክሌት ግን በአብዛኛው የእሽቅድምድም ዓይነት አልነበረም። እንደ ኖቲንግሃሙ ራሌይ ያሉ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት፣ እስከ 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን የሥራ ብስክሌት ነበር። ራሌይ በማስታወቂያው «ሁለመናው አረብ ብረት» እያለ ይመካ ነበር። በኋላ ከህንድና ከቻይና የመጡት፣ እንደ ሻንግሃዩ ፎኒክስ ያሉት ብስክሌቶች ይህንኑ የእንግሊዝ ቅርጽ የተከተሉ ነበሩ። ሱዳኖች ብስክሌትን ዐጀላ፣ ጠጋኙንም ዐጀላቲ ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ግን ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ራጂ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የቃላቱ ልዩነት ብስክሌት ወደ ሁለቱ አገሮች በየትኛው በር እንደገባ ይመሰክራል።

አሉሚኒየም ዘግይቶ ደረሰ

አሉሚኒየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከብረት ይልቅ በብዛት ይገኛል። ነገር ግን ከኦክሲጅን ጋር አጥብቆ ስለሚጣመር እርሱን መለየት አስቸጋሪ ነበር። በ1886 አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፣ አንዱ ከሌላው ሳያውቅ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል የመለየትን ዘዴ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው በፍጥነት ወደቀ። በ1890ዎቹ ከአሉሚኒየም ብስክሌት ለመሥራት ተሞከረ፤ ሆኖም ንጹሕ አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ሙከራው አልሰመረም። በ1906 ጀርመናዊው አልፍሬድ ቪልም ከመዳብና ከማግኒዝየም ጋር የተቀየጠ አሉሚኒየም ግሎ በውሃ ከቀዘቀዘ በኋላ ለጥቂት ቀናት ቢቀመጥ በራሱ እየጠነከረ እንደሚሄድ ተገነዘበ። የአውሮፕላን ኢንዱስትሪም ይህን ግኝት ቀድሞ ተጠቀመበት።

ብስክሌት ሠሪዎች ግን አንድ እንቅፋት ነበረባቸው። የጠነከረው ቅይጥ በብየዳ ሙቀት ጥንካሬውን ያጣል። በ1972 በጣሊያን የተቋቋመው አላን የተባለ ድርጅት ቱቦዎቹን በሙጫና በጥርስ እያያያዘ ይህን ችግር አለፈው። በ1970ዎቹ ጌሪ ክላይን የተባለ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ቱቦውን በማስፋት ግትር የአሉሚኒየም ፍሬም ሠራ፤ በ1983 ደግሞ ካነንዴል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ወደ ሰፊ ምርት ገባ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የእስያ ፋብሪካዎች በብዛት ስላመረቱት የአሉሚኒየም ፍሬም የሀብታም ዕቃ መሆኑ ቀረ።

ምቾት ከማዕድኑ ነውን?

አንድ ኩቢክ ሳንቲሜትር አረብ ብረት 7.8 ግራም ያህል ሲመዝን አሉሚኒየም 2.7 ግራም ይመዝናል፤ ማለትም ሲሶው ነው። ነገር ግን የመታጠፍ ኃይልን በመቋቋም ረገድም አሉሚኒየም የአረብ ብረት ሲሶ ነው። ስለዚህ በመጠኑ ልክ አንድ የሆነ ቱቦ ከአሉሚኒየም ቢሠራ ቀላል ይሆናል፤ ዳሩ ግን በሦስት እጥፍ ይለምጣል። መሐንዲሶቹ መፍትሔውን ያገኙት በሒሳብ ነው። የግድግዳው ውፍረት ሳይለወጥ የቀጭን ቱቦ ስፋት በአንድ ተኩል እጥፍ ቢያድግ ግትርነቱ በ1.5×1.5×1.5፣ ማለትም በ3.4 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ክብደቱ ግን የሚጨምረው በ1.5 እጥፍ ብቻ ነው። በዚህ መሠረት 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የአረብ ብረት ቱቦ ስፋቱ 42 ሚሊ ሜትር በሆነ የአሉሚኒየም ቱቦ ቢተካ ክብደቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ግትርነቱም በጥቂቱ ይበልጣል። የአሉሚኒየም ብስክሌት ቱቦዎች የሚወፍሩት ለጌጥ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰዎች «አሉሚኒየም ይነቀንቃል፣ አረብ ብረት ግን ያለዝባል» ይላሉ። አባባሉ መነሻ አለው፤ ሰፋፊዎቹ ቱቦዎች በእርግጥ ግትር ናቸውና። ነገር ግን ከጂኦሜትሪ ትምህርት እንደምናስታውሰው ሦስት ማዕዘን ጎኖቹ ሳይለወጡ ቅርጹን አይለውጥም። በሁለት ሦስት ማዕዘኖች የተዋቀረ ፍሬም ከአረብ ብረትም ሆነ ከአሉሚኒየም ቢሠራ ከላይ ወደ ታች የሚሰጠው ልምጠት እጅግ ትንሽ ነው። ጎማው፣ የመቀመጫው ሽቦና የፊቱ ሹካ የሚሰጡት ልምጠት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ታሪክም ይህንኑ ያረጋግጣል። የኤርትራ ዙር የብስክሌት ውድድር በ1946 ሲጀመር በአስመራ ጎዳና ይሮጥ የነበረው የውድድር ብስክሌትና በዚያው ዘመን በካርቱም ይነዳ የነበረው የሥራ ብስክሌት ሁለቱም ከአረብ ብረት የተሠሩ ነበሩ። ይሁን እንጂ የአስመራው ፈጣንና ለወገብ የማይራራ፣ የካርቱሙ ዘገምተኛና ለስላሳ ነበር። ልዩነቱ የመጣው ከቅርጽ ነው። የካርቱሙ ብስክሌት ጎማው ሰፊና ትልቅ፣ መቀመጫው ባለ ሽቦ፣ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ርቀት ረዥም፣ ሹካውም ወደ ፊት የተጋደመ ነበር። እነዚህ ሁሉ ለአሉሚኒየም ፍሬም ቢሰጡ እርሱም ይመቻል።

ጽናትና የብረት ድካም

ስለ ጽናት ሲነሣ የሁለቱ ማዕድናት ልዩነት በእርግጥ ይታያል። ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቬለር ከ1850ዎቹ እስከ 1870 ባደረገው ምርምር የባቡር ዘንጎች አንድ ጊዜ ቢጫኑ በማይሰብራቸው ጭነት፣ ጭነቱ ብዙ ሺህ ጊዜ ከተደጋገመ እንደሚሰበሩ አረጋገጠ። ይህም የብረት ድካም ይባላል። አረብ ብረት ለዚህ ድካም ወሰን አለው፤ ጭነቱ ከአንድ መጠን በታች ከሆነ ሚሊዮን ጊዜም ቢደጋገም አይሰነጠቅም። አሉሚኒየም ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ወሰን የለውም። ትንሹም ጭነት ቢሆን እየተጠራቀመ ይቆጠርበታል። ከዚህም ሌላ ደካማው አረብ ብረት ብዙ ጊዜ ታጥፎ ያስጠነቅቃል፤ አሉሚኒየም ግን ቀድሞ ሳይታጠፍ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ «አሉሚኒየም ደካማ ነው» ማለት ስሕተት ነው። ሠሪው ጉድለቱን አውቆ ቱቦውን ካሰፋውና መጋጠሚያውን ካወፈረው ፍሬሙ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። በ1997 በጀርመን አገር አንድ የብስክሌት መጽሔት ፍሬሞችን በመኪና እያስጨነቀ ባስፈተነ ጊዜ ሙሉ ፈተናውን ካለፉት ጥቂቶች መካከል የአሉሚኒየም ፍሬሞች ይገኙበት ነበር። ክብደት ለመቀነስ እጅግ ቀጥነው የተሠሩት የአረብ ብረት ፍሬሞች ግን አስቀድመው ተሰነጠቁ። ስለዚህ ከማዕድኑ ይልቅ አሠራሩ ይወስናል።

አረብ ብረት ሌላም ጠላት አለበት፤ ይኸውም ዝገት ነው። አሉሚኒየም በላዩ ላይ የሚፈጠረው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚጠብቀው ዝገት እንደ አረብ ብረት አያጠቃውም። በጨዋማው የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በፖርት ሱዳን፣ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ውሃ ብርቅ በሆነበት በካርቱም አየር ግን ዝገት ዝግ ብሎ ነው የሚሠራው። በዚያ ከተማ ብስክሌትን አስቀድሞ የሚጎዳው ሰንሰለቱንና ኩሽኔታውን የሚበላው አሸዋ ነው፤ አሸዋ ደግሞ የፍሬሙን ማዕድን አይመርጥም።

የጠጋኙ እጅ

ከላይ የቀረውን ጥያቄ አሁን እንመልከት። የአረብ ብረት ፍሬም ሲሰነጠቅ ዐጀላቲው ወደ በያጅ ይወስደዋል። በያጁ በኦክሲጅንና በአሲታይሊን ነበልባል፣ በናስ ዘንግና በጥቂት ማጽጃ ዱቄት ይዘጋዋል። ተራው የሥራ ብስክሌት ካርቦኑ አነስተኛ በሆነ አረብ ብረት ስለሚሠራ ሙቀቱ ብዙ አይጎዳውም። የተጣመመውንም በዘንግና በመዶሻ ማቃናት ይቻላል።

አሉሚኒየም በዚህ ረገድ ምሕረት የለውም። የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ከመቅለጡ በፊት እንደ ብረት ፍም አይመስልም፤ ስለዚህ በያጁ በዓይኑ ሳይጠረጥረው ድንገት ይፈስበታል። በላዩ ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ግን ከ2000 ዲግሪ በታች አይቀልጥም። ይህን ለማለፍ የአርጎን ጋዝና የተለየ የኤሌክትሪክ መበየጃ ያስፈልጋል። ብየዳው ቢሳካም እንኳ «6061» በተባለው የተለመደ ቅይጥ ላይ በብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉን ያጣል። ጥንካሬውን ለመመለስ ፍሬሙን በሙሉ በ530 ዲግሪ አካባቢ ማጋል፣ በቶሎ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም በ175 ዲግሪ ገደማ ለሰዓታት ማቆየት ያስፈልጋል። ይህ የፋብሪካ እንጂ የገበያ ዳር ሥራ አይደለም።

በሌላ በኩል የአሉሚኒየም ትልቁ ጥቅም ቅለቱ ነው። የፍሬሙ ልዩነት አንድ ኪሎ ተኩል ነው ብንል፣ 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 20 ኪሎ ግራም በሆነ ብስክሌት ላይ ሲቀመጥ የሚቀነሰው ከጠቅላላው አንድ ተኩል በመቶ ያህል ነው። በካርቱም ሜዳ ይህ ብዙም አይታወቅም። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ለሚገፋ ሰው ግን እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ተማሪ አሉሚኒየምን ቢመርጥና የካርቱም ተማሪ አረብ ብረትን ቢመርጥ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

ለክፍል የሚሆን ሙከራ

ይህን ትምህርት በቀላል ዕቃ ማሳየት ይቻላል። ሁለት እኩል ወረቀቶች፣ አንዱ በቀጭኑ ሌላው በሰፊው ተጠቅልለው በሁለት ወንበሮች መካከል ይጋደሙ፤ በመካከላቸውም እኩል ክብደት ይንጠልጠል። ክብደታቸው አንድ ሆኖ ሳለ የትኛው እንደሚጎብጥ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይዩት። ለብረት ድካም ደግሞ ውፍረታቸው እኩል የሆነ የብረትና የአሉሚኒየም ሽቦ ወዲያና ወዲህ እየታጠፉ እስኪሰበሩ ድረስ ይቆጠሩ። መጀመሪያ በሰፊው፣ ቀጥሎም በጥቂቱ በማጠፍ ቁጥሩ እንዴት እንደሚለያይ በሠንጠረዥ ይመዝገብ።

መደምደሚያ

በ2018 በካርቱም የነዳጅ እጥረት በተነሣ ጊዜ መኪናዎች በማደያዎች ፊት ረዥም ሰልፍ ይዘው ቆሙ። እንዲህ ባለ ጊዜ ነዳጅ የማይጠይቅ መጓጓዣ ዋጋው ይታወቃል። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በከተማይቱ ውስጥ የተነሣው ጦርነት ግን ከነዳጅ የበለጠ ነገር ወሰደ። የኦምዱርማን ገበያ በእሳት ተጎዳ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ፣ በከተማይቱ ለዓመታት የኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ጭምር፣ ቤቱንና ሥራውን ጥሎ ተሰደደ። ከተሰደዱት መካከል በያጁና ዐጀላቲው አሉ።

ከዚህ የምንማረው የአረብ ብረት ብስክሌት በካርቱም መቶ ዓመት ያህል የጸናው በማዕድኑ ባሕርይ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ሜዳው፣ ደረቁ አየር፣ ሰፊው ጎማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአጠገቡ የነበረው ባለሙያ አጽንተውታል። ጠጋኝ በሌለበት ሥፍራ የአረብ ብረት ስንጥቅም እንደ አሉሚኒየም ስንጥቅ ሳይዘጋ ይቀራል። እንግዲህ በየትምህርት ቤታችን ያለው የብየዳና የሙረዳ ክፍል ሲዘጋ ወይም መሣሪያው አቧራ ሲለብስ የምናጣው አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ አይደለም፤ በመንደራችን ያለው ዕቃ ሁሉ ዕድሜው ያጥራል። መምህራን «የትኛው ብስክሌት ይሻላል?» ተብለው ሲጠየቁ አስቀድመው «መንገድህ እንዴት ያለ ነው? ሲሰበርስ ማን ይጠግንልሃል?» ብለው ቢጠይቁ መልሱን ተማሪው ራሱ ያገኘዋል።